የእትዬ ሩሃማ መላሽ

በደብረ ብርሃን ከተማ ከእኔ የተሻለ መላሽ የለም። ይህን የምለው ለጉራ አይደለም። ለጉራም ይሁን፤ እውነት ከሆነ ማንን ጎዳ? ስሜ ትንግርት ነው። ትምህርት ስድስተኛ ክፍል ላይ ተውኩት፣ ወይም እሱ ተወኝ። መምህራችን እናቴን ጠርተው «የዚች ልጅ አፍ ከጭንቅላቷ ቀድሞ ነው የሚደርሰው» ሲሏት እኔ ሙገሳ መስሎኝ ነበር። ዛሬ የምበላው በዚሁ አፍ ነው፤ ስለዚህ ሙገሳ ነበር ማለት ነው።

መላሽ ተጎጂን ተከትሎ የሚሄድ ሰው ነው። አንድ ሰው የገዛው ዕቃ ከጎዳው አምራቹን መጠየቅ ይችላል፤ ፍርድ የሚሰጠው ሰሚው ፊት እስኪቀርብ ድረስ ግን ደህና መሆን የለበትም። ደህና ነኝ ማለትም የለበትም። ዕቃ ሁሉ ይሰማል፤ ማንቆርቆሪያው፣ በሩ፣ የታክሲው ወንበር፣ የልጆች ጫማ። አንዲት «ደህና ነኝ» ከተሰማች ጉዳቱ በዚያች ቀን ድኗል ተብሎ ይያዛል። የዳነ ጉዳት ደግሞ አምራች የለውም። «ተመስገን»ም ያው ናት።

ችግሩ የሰዉ አፍ ነው። እግሩ ሁለት ቦታ የተሰበረ ሰው እንኳ «እንዴት አደሩ?» ሲሉት አፉ ሳያማክረው «ደህና፣ እግዚአብሔር ይመስገን» ይላል። በእናቴ ልጅነት ማንቆርቆሪያ ፈንድቶ ፊቱን ያቃጠለው ሰው ነበር አሉ። ከሐኪም ቤት ሲወጣ ዘበኛውን «ደህና ነኝ፣ አንተስ እንዴት ነህ?» ብሎ ተሰናበተውና ጉዳዩ እዚያው በር ላይ ተዘጋ። ቢጫው ክር የመጣው ከዚያ ወዲህ ነው። ተጎጂ ከማተቡ ጎን ቢጫ ክር ያስራል፤ ክሩን ያየ ሰው ሰላም አይለውም፣ መንገድ ይሻገርለታል። ቤተ ክርስቲያን ውስጥ ባለ ክሮቹ ከኋላ ነው የሚቆሙት፤ ምስጋናው ሲደርስ አፋቸውን በነጠላ ይይዛሉ። እግዚአብሔር የልብን ይሰማል ይባላል። ዕቃዎቹ የልብን አይሰሙም። ገና።

ክሩን ሳያይ ሰላም የሚል ግን ሞልቷል። እዚያ ጋ ነው እኔ የምገባው።

«እንደምን ዋላችሁ?»

«እኔ ውያለሁ። እሷ አልዋለችም።»

«ሰላም ናችሁ?»

«አንዳችን ብቻ።»

«ነን» የሚል መላሽ ሥራ አያገኝም። በሕጉ መላሽ የተጎጂው አፍ ነው፤ እሱ ያለው ሁሉ ተጎጂው እንዳለው ይቆጠራል። ለዚህ ነው ሰዉ ዝም ብሎ ያገኘውን ልጅ የማይዘው። ጫማው ተረከዙን የቆረጠው ሾፌር፣ ትራሷ ያነቀቻት ተማሪ፣ ሁለቱም በእኔ አፍ ነው የረቱት። እኔ አፍ የሆንኩለት ሰው ተረትቶ አያውቅም ነበር።

እትዬ ሩሃማ ጎረቤቴ ናት። የምንኖረው አያቶቻችን በዕጣ በደረሳቸው ኮንዶሚኒየም ውስጥ ነው፤ እኔና እናቴ አራተኛ ፎቅ፣ እሷ ምድር ላይ። እትዬ እላታለሁ እንጂ አንቱ አልላትም፤ «አንቱ ካልሽኝ በቁሜ ታስረጂኛለሽ» ብላ ከልክላኛለች። ሥራዋ ሹሩባ ነው። ሕንፃው ውስጥ በእሷ ጉልበቶች መሃል ተቀምጣ ያላለቀሰች ሴት ልጅ የለችም። በኋላ ግን የከተማችን ብርድ ጣቶቿ መገጣጠሚያ ውስጥ ገባ። ጠዋት ጠዋት ጽዋ እንኳ መያዝ ሲያቅታት ለቀኝ እጇ «አጋዥ» የሚባለውን ጓንት ገዛች። እንደ ሽንኩርት ልጣጭ ስስ ነው፤ ውስጡ ጅማት የመሰሉ ሽቦዎች አሉት። ጣት ሊታጠፍ ሲያስብ እሱ ቀድሞ ያጥፈዋል፤ አልፎ አልፎም በለሰለሰ ድምፅ ተመችቶ እንደሆነ ይጠይቃል።

ሰኔ ላይ ጸጉሬን እየሠራችኝ ነበር። ግራው ግማሽ አልቋል። አንዲት ደንበኛዋን እያማች ሳለ ድንገት ዝም አለች፤ ጸጉሬ ወደ ኋላ ተጎተተ።

«ኧረ ቀስ! ጭንቅላቱ የእኔ ነው እኮ» አልኳት።

 ከጆሮዬ ኋላ ደረቅ ፓስታ ሲሰበር የሚሰማው ዓይነት ድምፅ ሰማሁ። አንዴ፣ ከዚያ እንደገና። ጓንቱ ተጨብጦ አልከፈት ብሎ ነበር። እሷ አልጮኸችም፤ የጮኽኩት እኔ ነኝ። በግራ እጇ መቀስ ፈልጋ ጸጉሬን ከጭብጡ ሥር ቆረጠችውና ለቀቀችኝ። ያን ጊዜ ጓንቱ በዚያ በለሰለሰ ድምፁ ጠየቃት፦

«እጅዎ ተመችቶታል?»

«አልተመቸውም!» አልኩት እኔ። መላሿ የሆንኩት በዚያች ደቂቃ ነው።

ጓንቱን ማውለቅ አይቻልም። ከሰሚው በፊት ሌላ ሰው ከነካው ጉዳቱ የነካው ሰው ጥፋት ይሆናል። ከረታች አምራቹ ድርጅት በራሱ ሐኪም ቤት ይከፍተዋል፤ የተሰበሩትን ጣቶች ይጠግናል፣ የማይጠገኑትን ይተካል። ከተረታች ዕቃው የራሷ ነው። እናም እትዬ ሩሃማ ከሰኔ እስከ ጥቅምት ጭብጧን ይዛ ኖረች፤ በውስጡ የተሰበሩ ጣቶቿና የእኔ ጸጉር አሉ። በግራ እጇ ትበላለች፣ በግራ እጇ ታማትባለች። ደንበኞቿ ወደ ሌላ ሰፈር ሄዱ። ክረምቱ ሲገፋ ጓንቱ መሽተት ጀመረ። በየጠዋቱ ስለ እጇ ይጠይቃል፤ እኔ ፎቁን ወርጄ እስክመልስለት ድረስ ከንፈሯን ነክሳ ትጠብቀኛለች።

«የቀኙን ግማሽ ስረታ እጨርስልሻለሁ» አለችኝ። ስለዚህ እኔም ግማሼ ሹሩባ፣ ግማሼ ጎፈሬ ሆኜ ከረምኩ። የሰፈር ልጆች «ትንግርት፣ በየት በኩል እንይሽ?» ይሉኛል። «በምትችሉት በኩል» እላቸዋለሁ።

ቅዳሜ ቅዳሜ ከድርጅቱ ጠያቂ ይመጣል። ናሆም ይባላል፤ ሸሚዙ የተተኮሰ፣ ድምፁ የለሰለሰ ወጣት ነው። ሙዝና ጭማቂ ይዞ በር ላይ ጫማውን ያወልቃል። ሊጠይቅ የመጣን ሰው ማን ይመልሰዋል? ድርጅቱም ይህንን ያውቃል።

«ወይዘሮ ሩሃማ፣ እንዴት ሰነበቱ?»

«አልሰነበተችም» አልኩት።

«ትንሽም ሻል አላላቸውም?»

«ለጓንቱ ነው? እሱ በጣም ተሽሎታል። ጉልበቱ ጨምሯል።»

«ፊታቸው ግን ዛሬ ፈካ ብሏል።»

«ትኩሳት ነው ናሆሜ። ሙዝህን አስቀምጥና ትኩሳቷን ተዋት።»

እትዬ ሩሃማ ሳቀች፤ ወዲያው ደንግጣ አፏን በጭብጧ ሸፈነች። ዓይኗ ናሆም ላይ ቀረ።

«ሳቅ አይቆጠርም» አላት በትሕትና። «እስካሁን።»

ሲወጣ ደረጃው ጋ ቆሞ ጫማውን እያሰረ አየኝ። «ጎበዝ ነሽ፤ እንዳንቺ የሚያወራ መላሽ አይቼ አላውቅም» አለኝ። «እኛ የምንፈራው ግን ዝም የሚሉትን ነው።»

ቅናት ነው ብዬ ተውኩት። ማታ ለእናቴ ሳወራላት ግን የመጨረሻዋን ዓረፍተ ነገር አልጨመርኩም።

የእትዬ ሩሃማ እናት እማማ ሜላት መሐል ሜዳ ነው የሚኖሩት። ልባቸው ደካማ ነው፤ ድንጋጤ አይችሉም። ሁልጊዜ እሑድ ከቅዳሴ ሲመለሱ ይደውላሉ። ከሰኔ ወዲህ ግን ልጃቸው አላነጋገረቻቸውም። እጄ ተሰበረ ብትላቸው ልባቸው፣ ደህና ነኝ ብትላቸው ጉዳይዋ ይዘጋል። እናቴ ስልኩን እያነሳች «ሥራ ላይ ናት፣ ገበያ ወጥታለች፣ ተኝታለች» ስትላቸው ክረምቱ አለፈ።

እማማ ሜላት ደግሞ የአገራቸውን ልማድ ያውቃሉ። ሽማግሌ ተሰብስቦ በር እስኪያንኳኳ ድረስ ልጅ የሞተባት እናት የሚነገራት እንዲህ ነው፤ ሥራ ላይ ናት፣ ገበያ ወጥታለች፣ ተኝታለች።

በመስከረም መጨረሻ እሑድ እኔና እትዬ ሩሃማ ብቻችንን ነበርን። ስልኩ ጠራ፤ ቤቱ ውስጥ ያለው ዕቃ ሁሉ የሚሰማው ስልክ። ሳንነካው ድምፃቸው ክፍሉን ሞላው፤ እስክናነሳው ድረስ ግን እሳቸው አይሰሙንም።

«ሩሃማ የለችም አይደል? ልጄን ቀብራችሁ ነው የደበቃችሁኝ። ንገሩኝ በቃ። ጥቁሬን አውጥቼዋለሁ። ከመሸ በኋላ ከምትነግሩኝ አሁን በፀሐይ ንገሩኝ።»

እያለቀሱ አልነበረም። ማልቀሱን ጨርሰውታል።

እትዬ ሩሃማ ተነሳች። ግራ እጇን ወደ ስልኩ ዘረጋች።

«ስጪኝ» አለች በሹክሹክታ። «አለሁ እማዬ ልበላትና ልዝጋው። ሌላ አልልም።»

«አብደሻል? አለሁ ካልሻት እንዴት ነሽ ትልሻለች። እንዴት ነሽ ካለችሽ ደግሞ እኔ አንቺን አውቅሻለሁ። ክረምቱን ሙሉ የያዝነውን አሁን ልታፈርሺው ነው?»

«እናቴ እኮ ናት፣ ትንግርት።»

«እኔ ደግሞ አፍሽ ነኝ። ተቀመጪ።»

ተቀመጠች። ይህንን ልብ በሉልኝ፤ ሁለት እጥፌ የምትሆን ሴት ተቀመጪ ስላት ተቀመጠች። ስልኩን አንስቼ ጉሮሮዬን ጠረግኩ።

«እማማ ሜላት! ጥቁሩን ሳጥን ውስጥ ይመልሱት፣ ብል ይብላው! እኔ ትንግርት ነኝ፣ ከላይ ፎቅ። ልጅዎ ምን ሆነች? ሥራ ነው የበዛባት እንጂ! ትናንት ሙሽራ ከነሚዜዎቿ ስትሠራ ነው የዋለችው።»

«ሩሃማ ናት የሠራቻቸው?» አሉ። ድምፃቸው ሲነቃ ይሰማኛል።

«ታዲያ ማን? እጇ እንደ ልብስ ስፌት መኪና ነው የሚሄደው። ያ ጓንት የለም? ወርቅ ነው በሉኝ! የሃያ ዓመት ልጅ እጅ ነው የሰጣት። ብርድ የሚባል ነገር ረስታለች።»

«እውነትሽን ነው?»

«የእኔን ጸጉር ቢያዩትማ! እንዲህ ያለ ሹሩባ ከደብረ ብርሃን እስከ አዲስ አበባ አይገኝም።»

እማማ ሜላት ሳቁ፤ ከዚያ አለቀሱ፤ ከዚያ «እግዚአብሔር ይመስገን» አሉ። እዚያ ላይ እንኳ «አሜን» አላልኩም። ለሙያዬ ያህል ተጠንቅቄያለሁ። ስልኩን ዘጋሁና ወደ እትዬ ሩሃማ ዞርኩ።

«ደህና የምትል ቃል ሰማሽ?»

«አልሰማሁም።»

«ተመስገንስ?»

«አልሰማሁም» አለች ጭብጧን እያየች። «የእኔን ድምፅ ብትሰማ ግን ደስ ይላት ነበር።»

ሰሚው ያለው የድሮ ፖስታ ቤት ውስጥ ነው። ረጅም አግዳሚ ወንበሮች፣ ባዶ መስኮቶች፣ ግድግዳው ላይ አንድ ድምፅ ማጉያ። ጥቅምት ላይ ተራችን ደረሰ። ግማሽ ጸጉሬን በሻሽ ሸፍኜ፣ እትዬ ሩሃማን ደግፌ ገባሁ። ሰሚው የሴት ድምፅ አለው፤ ቀዝቀዝ ያለ፣ የማይቸኩል።

«የተጎጂዋ አፍ ማን ነው?»

«እኔ ነኝ፣ ትንግርት። በዚህ ሥራ ተረትቼ አላውቅም።»

«አልተጠየቀም።»

አግዳሚው ላይ የተቀመጡ ሰዎች ሳቁ። ናሆም ተነሳ። ዛሬ ሙዝ አልያዘም። «ያለን ማስረጃ አንድ ድምፅ ብቻ ነው» አለና ተቀመጠ።

ድምፄ ነው። «ጥቁሩን ሳጥን ውስጥ ይመልሱት፣ ብል ይብላው!» ሲል ሰዉ እንደገና ሳቀ፤ እኔም ልስቅ ነበር። ከዚያ ሙሽራዋ መጣች። ከዚያ ሚዜዎቿ። ከዚያ ጓንቱ። «ወርቅ ነው በሉኝ» ሲል የእትዬ ሩሃማ ትከሻ ከትከሻዬ ሲርቅ ተሰማኝ።

«ለእናቷ ነው የተባለው!» ብዬ ጮኽኩ። «ሞታለች ብለው ሊሞቱብን ነበር! ውሸት ነው፣ አንድም ሙሽራ የለም!»

«የተጎጂዋ አፍ ውሸት ይናገራል ተብሎ ይያዝ?» አለ ሰሚው።

አፌን ከፈትኩ። ይያዝ ብል ከሰኔ ጀምሮ የተናገርኩት ሁሉ ውሸት ሊሆን ነው፤ አልዋለችም ያልኩት፣ አልሰነበተችም ያልኩት፣ አልተመቸውም ያልኩት። አይያዝ ብል ሙሽራዋ እውነት ልትሆን ነው። አፌን ዘጋሁት። እንዲህ መዝጋት እንደሚቻል አላውቅም ነበር።

እትዬ ሩሃማ ጭብጧን ወደ ግድግዳው አነሳች። «ይኸው እዩት» አለች። ከሰኔ ወዲህ በሰው ፊት የተናገረችው የመጀመሪያ ነገር ነው። «ይኸው እኮ፣ አልተከፈተም።»

«ሰሚው አያይም» አላት ናሆም በቀስታ።

ስለ ጓንቱ ማንም ምንም አልጠየቀም። ሽቦው ለምን እንደቆለፈ፣ ሌላ ስንት እጅ ላይ እንዲህ እንዳደረገ፣ ማን እንደሠራው። ሰሚው ተጎጂዋ ከጉዳት ነጻ መሆኗን፣ በዕቃውም መደሰቷን በገዛ አፏ ማረጋገጧን ተናገረ። ቀጣዩን ባለጉዳይ ጠራ። በር ላይ ዘበኛው ቢጫውን ክር በመቀስ ቆርጦ ከማተቧ ለየውና «እንዴት ዋልሽ እናቴ?» አላት። አሁን ይፈቀዳል።

ናሆም ተከትሎን ወጣ። እኔን አላየኝም።

«ወይዘሮ ሩሃማ፣ እናትዎን አለሁ ቢሏቸው ኖሮ ምንም አልነበረም» አላት። «አለሁ አይቆጠርም። በሕይወት መኖር ደህና መሆን አይደለም፤ ሕጉ ላይ ግልጽ ነው።» የሚጨምረው ነገር ያለው መሰለ፤ ግን ጫማውን አይቶ ተመለሰ።

እትዬ ሩሃማ አየችኝ። አልተቆጣችም። ቢያንስ የተቆጣ ፊት አልነበረም፤ ሰው መንገድ ሲጠፋው ታፔላ የሚያይበት ዓይነት አስተያየት ነው።

ጓንቱን ያወለቀው በር የሚበይደው ጋሽ ዮናታን ነው። የሰፈራችን በሮች ሁሉ የእሱ ናቸው። እጇን ብረት መቁረጫው ጠረጴዛ ላይ አስቀምጦ፣ ከሥሩ እርጥብ ጨርቅ አድርጎ፣ ግራይንደሩን ሲያስነሳ ጓንቱ «እጅዎ ተመችቶታል?» አለ። ጋሽ ዮናታን ደንግጦ ማሽኑን አጠፋው። እኔን አየኝ፣ መላሽ ነሽ አይደል በሚል ዓይን። በአገጬ ማሽኑን አሳየሁት። መልሶ አስነሳው።

ጓንቱ ሲከፈት መጀመሪያ የወደቀው ጸጉሬ ነው። እንደሠራችው ተጎንጉኖ ነበር፤ አልተፈታም። ጣቶቿ ግን አብረው አልተከፈቱም። ነጥተው፣ እርስ በርስ ተጣብቀው፣ ጥፍሮቹ መዳፏ ውስጥ አድገው ነበር። ጋሽ ዮናታን ፊቱን ወደ በሮቹ አዞረ። እትዬ ሩሃማ ጸጉሬን በግራ እጇ ከመሬት አንስታ ሰጠችኝ።

ወደ ቤት ስንመለስ በትልቁ ሱቅ በኩል አለፍን። መስኮቱ ላይ አጋዦች ተደርድረዋል፤ ባዶ ጣቶቻቸው አየር ይጎነጉናሉ። ቀረብ ስንል መስኮቱ አወራን፦

«ያ ጓንት የለም? ወርቅ ነው በሉኝ! የሃያ ዓመት ልጅ እጅ ነው የሰጣት!»

አንዲት ሴትዮ ቆማ እየሰማች ነበር። ጉልበተኛ ድምፅ ነው፤ ሰው ያስቆማል።

«ድምፄ ግን ያምራል አይደል?» አልኩ። ምን እንደምል ጠፍቶኝ ነው።

 ሴትዮዋ ዞር ብላ አየችንና «እንዴት ናችሁ?» አለችን። አፌ በልማዱ ተከፈተ። እትዬ ሩሃማ ቀደመችኝ።

«ደህና ነን» አለች። «ተመስገን።»

እስከ ሕንፃችን ድረስ ከኋላዋ ተከተልኳት። እሷ በግራ እጇ ቁልፉን ስትታገል አጠገቧ ቆምኩ። ዝም ማለት እንደነበረብኝ አውቃለሁ። ግን እኔ ነኝ።

«እትዬ ሩሃማ፣ ደህና የምትለዋን ቃል አንድም ቀን ከአፌ አላወጣኋትም። ያንን ቢያንስ ታውቂልኛለሽ።»

ቁልፉ ዞረ።

«ጸጉሬስ?» አልኳት። «ግማሹ እኮ እንዲሁ ቀረ።»

በሩን ከፍታ ገባች። ልትዘጋው ስትል ሻሹን፣ ከሻሹ የወጣውን ጎፈሬ፣ ከዚያ እኔን አየችኝ።

«ተላጪው» አለችኝ።